በሟች ጣት ላይ የተለጠፈ ሱፍ

ኔሊዳ ባስቴራ ከታንጎ አዳራሹ ደረጃ ሥር ወድቃ ሞታ የተገኘችው ረፋድ ላይ ነው። እግሯ ላይ ወርቃማው ሹል ታኮ ጫማዋ አለ፤ አጠገቧ ባዶ የጫማ ቦርሳ። እጇን ይዞ የሚያለቅሰው ለሃያ ዓመት አብሯት የደነሰው ኤቫሪስቶ ነበር። ትናንት ሲጨቃጨቁ የቦኤዶ ሰፈር ሁሉ ሰምቷል። ፖሊሶቹ ብዙ አልተጨነቁም፤ ካቴናውን አጠለቁለት።

ኢንስፔክተር ግራሲያና ኢቱርቤ ደርሳ ከፊቱ ቆመች።

«እርስዎ ነዎት የገፏት?»

«እኔ ነኝ ካላችሁ እኔ ነኝ። ውሰዱኝ! ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?»

«ለቅሶውን ይተዉትና ይንገሩኝ። በምን ተጣላችሁ?»

«ዳንስ ላቆም ነው አለችኛ! በጣቷ የተነሳ። ሐኪሟን ይጠይቋት።»

የእግር ሐኪሟ ዶክተር ኦፌሊያ ከመንገዱ ማዶ መጣች። ጫማውን ስታወልቀው ሁለተኛው ጣት መሃሉ ላይ ጎብጦ ታየ። ጉብታው ላይ ጫማው እንዳይፈገፍገው ክብ የሱፍ ቁራጭ ተለጥፏል።

«መዶሻ ጣት እንለዋለን» አለች። «ሹል ጫማ ለዓመታት ሲጨምቀው ጣቱ መገጣጠሚያው ላይ ተቆልምሞ ይቀራል።»

«መዳኛ የለውም?»

«በእጅ ሲሳብ የሚቃና ከሆነማ አለው። ሰፊ ጫማ፣ የጣት እንቅስቃሴ፣ ከሥር ድጋፍ። ደርቆ ከቀረ ነው ቀዶ ጥገና የሚመጣው። የእሷ ገና አልደረቀም ነበር። ከወር ወዲህ ሰፊ ጫማ ብቻ ነበር የምታደርገው።»

«ሱፉን አንቺ ነሽ የለጠፍሽው?»

«እኔማ አስጥያታለሁ! በጠባብ ጫማ ውስጥ ከላይ ሲጨመርበት ጣቱን የባሰ ይጫነዋል።»

ግራሲያና ሱፉን በወረንጦ አንስታ ብዙ አገላበጠችው። ከዚያ ደረጃውን ወጣች። ከአዳራሹ ጎን የዳንሰኞቹ ጫማ ሠሪ የዶን አንሴልሞ ሱቅ አለ። ሽማግሌው ቀና አላለም።

«ዛሬ ኔሊዳን አይተዋታል?»

«አላየኋትም፣ ልጄ። በዚያ ታኮ ደረጃ ይወጣል እንዴ? ምስኪን!»

እሷ ግን መደርደሪያውን ነበር የምታየው።

ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኤቫሪስቶ ከነካቴናው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፤ ነፃ መውጣትም የሚፈልግ አይመስልም።

«ታንጎ የሚደንስ ሰው የዳንስ ጫማውን የሚያደርገው እዚህ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ነው» አለች። «በእሱ ደረጃ የወጣ አይቼ አላውቅም። የመጣችበት ጫማ ደግሞ ቦርሳዋ ውስጥም የለም። ስለዚህ ከወደቀች በኋላ ሌላ ሰው ነው ያደረገላት። ሱፉም አልተጨፈለቀም፤ አንድ እርምጃ አልተሄደበትም። የተለጠፈው ለሞተ ጣት ነው።»

«ለሞተ ሰው ማን እንዲህ ያደርጋል?» አለ ኤቫሪስቶ።

«እጁ የለመደበት ሰው። የሱፉ ጠርዝ ጫማ ሠሪ ቆዳ እንደሚያሳሳው በቢላዋ ሳስቷል። መደርደሪያዎ ላይ ደግሞ፣ ዶን አንሴልሞ፣ ከሹሎቹ ሁሉ መሃል አንድ ሰፊ የጎማ ጫማ አለ። የማን ነው?»

ሽማግሌው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«'ጫማዎ ነው እግሬን ያበላሸው' አለችኝ። ሠላሳ ዓመት የለካሁት እግር! ደሜ ፈላ፤ ገፋኋት። ከዚያ... በጎማ ጫማ ተደናቀፈች ቢባል ማን ያምናል? ወርቃማውን ከቦርሳዋ አወጣሁ።»

«ሱፉስ?»

«ያለ እሱ ታኮ አድርጋ አታውቅም» አለ። «ያማታላ።»

ግራሲያና ከኔሊዳ የጫማ ቦርሳ የውስጥ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችው። በእርሳስ የተሳለ የእግር ቅርጽ ነው።

«የእኔ ሥራ ነው» አለች ዶክተሯ፤ እንባዋ መጣ። «ከጣቱ በኩል ሰፋ ያለ የዳንስ ጫማ እንዲሠሩላት እኔ ነኝ የላክኋት። ወርቃማውን ለናሙና ይዛ ነው የመጣችው። የምታቆመው ለሦስት ወር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ትደንስ ነበር። ሌላ ጫማ ሠሪ ልጠቁምሽ ብላት፣ 'ከዶን አንሴልሞ በቀር እግሬን ማንም አይነካም' አለችኝ።»

ኤቫሪስቶ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ፖሊሱ ካቴናውን ሲፈታለት እጁን እንኳ አላነሳም።

ዶን አንሴልሞ ወረቀቱን ተቀበለ። አውራ ጣቱ በእርሳሱ መስመር ላይ ቀስ ብሎ ሄደና ሁለተኛው ጣት ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አላስጨረስኳትም» አለ።