የራቢዓ ስምንት ሚሊ ሜትር

የትምህርት ቤቱ የውሃ ፓምፕ ባይቃጠል ኖሮ፣ ራቢዓና ሰላሁዲን በአንድ ከተማ እየኖሩ ሳይተዋወቁ ይቀሩ ነበር።

እሷ ቆቦ ላይ የሳይንስ መምህርት ናት። እሱ ከዋጃ እስከ ሮቢት ያሉትን የመስኖ ፓምፖች የሚጠግን፣ እጁ ከግሪስ የማይለይ ሳቂታ ሰው ነው። ያን ቀን ፓምፑን ከጉድጓድ ሲያወጣ ገመድ የሚይዝለት ሰው ጠፋ። ራቢዓ ጠመኔዋን ኪሷ ከታ ያዘችለት።

«እጅሽን እንዳይልጠው፣ እህቴ።»

«አንተ ፓምፑን አውጣ። የእኔን እጅ ለእኔ ተውልኝ።»

ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው። በዚያች ቅጽበት ገመዱ ከእጁ አመለጠና ፓምፑ አንድ ክንድ ያህል ተመልሶ ሰመጠ።

ከዚያ ወዲያ ያ ፓምፕ በሳምንት ሁለቴ መታየት ያስፈልገው ጀመር። በዓመቱ ሽማግሌ ተላከ። የራቢዓ አባት አቶ አራጌ እሺ አሉ፤ ኒካሁም ማሽላው ከታጨደ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ።

ሁሉም ነገር ባማረበት በዚያ ሰሞን ነው ራቢዓ ለአንገቷ ሕመም ሐኪም ዘንድ የሄደችው። ጉሮሮዋ ሥር ታይሮይድ በሚሉት ዕጢ ላይ ትንሽ እብጠት ታየ። ደሴ ተልካ በመርፌ ናሙና ተወሰደላት። ውጤቱ ሲነገራት «ካንሰር» ከሚለው ቃል በኋላ ያለው አንዱም አልተሰማትም። ሐኪሟ «ተቀመጪ፣ አልጨረስኩም» እያሏት ወጥታ ሄደች።

ቤቷ እንደደረሰች አባቷን «የሰጣችሁት ቃል ይመለስ» አለቻቸው። ስልኳንም ዘጋች።

በሦስተኛው ቀን ሰላሁዲን በጠራራ ፀሐይ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ምን በደልኩሽ?»

ከፀሐዩ ወደ አጥሩ ጥላ ገባች። እሱም ተከተላት።

«ካንሰር ነው» አለችው በመጨረሻ። «የፈለግከኝ ትዳር ልትመሠርት እንጂ አስታማሚ ልትሆን አይደለም።»

እጁን በግሪስ ጨርቁ ጠረገ። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

«ምን ያህላል?»

«ስምንት ሚሊ ሜትር።»

«በስምንት ቁጥር ቁልፍ የምፈታትን ብሎን ታክላለች ማለት ነው?»

«አትቀልድ፣ ሰላሁዲን።»

«አልቀለድኩም። ሐኪሟ ምን አሉሽ?»

«ሳልሰማቸው ወጣሁ።»

«እንግዲያው ነገ ሄደን እንስማቸው። ሰምተሽም አልፈልግህም ካልሽኝ፣ እሺ ብዬ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ በጠዋቱ ወደ ደሴ ሚኒባስ ተሳፈሩ። ማታ ነገሩ የተነገራቸው አቶ አራጌም ቦታ እያለ ሁለቱ መሃል ገብተው ተቀመጡ።

ሐኪሟ ዶክተር ፍሬሰላም ሦስቱንም አስቀምጠው ማስረዳት ጀመሩ። «ይህ ዓይነቱ ቀስ ብሎ የሚያድግ ነው። ያንቺ ከዕጢው አልወጣም፣ ወደ ሌላ ቦታም አልተዛመተም። እንዲህ ያለ ትንሽ የታይሮይድ ካንሰር ከተገኘባቸው እጅግ የሚበዙት እንደማንኛውም ሰው ዕድሜያቸውን ይኖራሉ። አንዳንዱን ሳንነካው እየተከታተልን እናቆየዋለን። ካልሽ ደግሞ የዕጢውን ግማሽ እናወጣዋለን።»

«ተመልሶ ቢመጣስ?» አለች ራቢዓ።

«አልፎ አልፎ ይመለሳል፤ አልዋሽሽም። በየዓመቱ የምናይሽም ለዚሁ ነው። ቢመለስም የምናክመው ነገር ነው።»

አቶ አራጌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅስ… ትወልዳለች?»

«ምን ይከለክላታል፣ አባቴ?»

«ሃያ ዓመትስ አብረን እንኖራለን?» አለ ሰላሁዲን።

ዶክተሯ የሸሚዙን ኪስ አዩት። «ለእሷ ብዙም አልሰጋም። እኔን የሚያሰጋኝ ያ ሲጋራ ነው።»

ሰላሁዲን ፓኮውን አውጥቶ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረው። ራቢዓ ከዚያ ክፉ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ግማሹ ዕጢ እንዲወጣላት መረጠች። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለፈ። የሰላሁዲን እናት ሰይዳ ግን የበሽታውን ስም ከሰሙ ወዲህ ልባቸው አላረፈም ነበር። ሊጠይቋት መጥተው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ አንገትሽን አሳዪኝ።»

ነጠላዋን ገለጥ አደረገች። ሰይዳ ጠባሳዋን በጣታቸው ዳሰሷት።

«ይችን ነው እንዴ እንዲያ የፈራኋት?» አሉና አቅፈዋት አለቀሱ። «አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፣ ልጄ።»

በኒካሁ ቀን ድምፅዋ ከቀዶ ሕክምናው የተነሳ ገና ሻካራ ነበር። ፈቃዷን ሊጠይቋት የመጡት ሼህ «ዝምታሽም ይበቃናል፣ አትድከሚ» አሏት።

«አይበቃም» አለች። «ፈቅጃለሁ!»

ያ የሻከረ ድምፅ ውጭ ዳሱ ድረስ ተሰማ። እልልታው ቀለጠ።

ይኸው አራት ዓመት ሆናቸው። በየዓመቱ ልጃቸውን ለሰይዳ ትተው፣ ለምርመራ ደሴ ይሄዳሉ።

ዘንድሮ ዶክተር ፍሬሰላም ምስሉን አይተው ፈገግ አሉ። «አንገትሽ ምንም የለበትም። ከእንግዲህ በሁለት ዓመት አንዴ ብትመጪ ይበቃል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ራቢዓ። ሰላሁዲን ግን ቅር አለው።

«ዶክተር፣ በየዓመቱ ቢሆን ምን አለበት?»

«ምን አሳሰበህ?»

«ምንም። ሥራ ጥለን፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን ምሳ የምንበላው በዚህች ቀን ስለሆነ ነው።»

ዶክተሯ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ራቢዓ የባሏን እጅጌ ይዛ ጎተተችው።

«ና እንሂድ፣ አንተ ሰው። ሰው ሳይታመምም እኮ ምሳ ይበላል።»

ደረጃውን እንደ ተማሪ እየተጋፉ፣ እየተሳሳቁ ወረዱት።