በሰደርያው ገበር ውስጥ

ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱ በፖሊስና በሐኪም ሲታመስ፣ አሮጊቷን አንድ ነገር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ስለ ባትሪ ምን ያውቃሉ ብለው፣ እንደ በርጩማ ዞረዋቸው ያልፉ ነበር። የሞተው ግን የበኩር ልጃቸው፣ መምህሩ ነው። ገደለች ተብላ ልትታሰር የተቃረበችውም የእሱ ልጅ፣ የልጅ ልጃቸው ናት።

መምህሩ ደረቱ ውስጥ ልቡን የሚያስመታ መሣሪያ ተቀብሮለት ነበር። ባትሪው የሚሞላው ከውጭ ነው፤ ጠዋት ጠዋት፣ ኪሱ ውስጥ ክብ ቻርጀር ያለበት ሰደርያ ለብሶ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል። የምትሰካለት ልጁ ነበረች። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሰደርያውን እንደለበሰ ወንበሩ ላይ ሞቶ ተገኘ፤ ባትሪው ባዶ ነበር። ባትሪው ሲደክም የሚጮኸውን ድምፅ እንዳይሰማ ጆሮው ከደከመ ቆይቷል። ምድር ቤት ጫማ የሚሰፋው ታናሽ ወንድሙ፣ «ሳትሰካለት ቀርታ ነው፤ መቼ ልቧ ቤት ውስጥ ኖሮ ያውቃል» እያለ ላገኘው ሁሉ ያወራል።

በአራተኛው ቀን አንዲት ቀጭን መርማሪ መጣች። ሁሉንም ለየብቻ አነጋገረች። መምህሩን ቤት እየመጣች የምታየው ነርስ፣ ሟቹ ሰሞኑን ሰደርያው አቃጠለኝ ይል እንደነበር ነገረቻት። ልጅቷ ደግሞ አባቷ አጎቷን ምድር ቤቱን እንዲለቅ እንዳዘዘው አወጣች፤ ጫማ ሰፊው ይህን አላነሳም ነበር። ከዚያ ሳሎን ሰብስባቸው ሰደርያውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

«ቻርጀሩ ራሱ ይመዘግባል» አለች። «በየቀኑ ሁለት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሰጥቷል። ልጅቷ ሰክታለች ማለት ነው። ታዲያ ወጥቶ የት ቀረ?»

የኪሱ ገበር ዳር ዳሩ ጠቁሯል። በምላጭ ተረተረችው። ስስ ቆርቆሮ ወጣ።

«ኤሌክትሪኩን መንገድ ላይ ያስቀረው ይኸው። ጨርቁን ያቃጠለውም።» ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ ሰደርያውን የሚያጥበው ማነው?»

«እኔ ነኛ። መኖሬ ዛሬ ትዝ አላችሁ? ቅዳሜ አጥቤ ስሰጠው ቆርቆሮ አልነበረበትም።»

«ስፌቱስ የእርስዎ ነው?»

አሮጊቷ ሰደርያውን ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ክሩ ሰም የተቀባ ነው፤ በሁለት መርፌ፣ ከፊትም ከኋላም ተቆላልፎ ሄዷል። ጨርቅ የሚሰፋ ሰው እንዲህ አይሰፋም። ዝም ቢሉ አንድ ልጅ ይቀርላቸዋል፤ ልጅቷ ግን በካቴና ትወጣለች።

«የጫማ ስፌት ነው» አሉ። «እጁ ሌላ አያውቅም።»

ጫማ ሰፊው አቀረቀረ። «እማዬ፣ እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?»

«ልጄማ ነህ። እሱም ልጄ ነበር። አሁን ተነስ፤ በየሰው ቤት ስታሳጣት የሰነበትካትን ልጅ ዐይኗን እያየህ፣ አባቷን ማን እንደገደለው በገዛ አፍህ ንገራት።»