የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ፊቶች

ሟቿ ከወንበሯ ሥር በጎኗ ተኝታለች። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ መጋረጃው ድርብ፣ ግድግዳው ግራጫ፣ አምፖሉ የጠፋ። የበራው የኮምፒውተሩ ስክሪን ብቻ ነበር፤ በላዩም ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ነርስ ፈገግ ብላለች። ያ ፈገግታ ቁልቁል ወለሉ ላይ ያለችውን ሴት የሚያይ ይመስላል። ሳጅኑን ቀፈፈውና ፊቱን አዞረ።

«ላጥፋው እትዬ?»

«ምኑንም እንዳትነካ፤» አለችው መርማሪዋ።

ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር የቀራት፣ አጭር፣ ወፈር ያለች፣ የያዘችውን ነገር ሳትጨርስ የማትለቅ ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «እትዬ ለምን» ይሏታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ቢባልም የእሷ ጆሮ ባዳ አልሆነባትም፤ ቅጽል ስሟን ታውቀዋለች፣ እንዲያውም ደስ ይላታል።

ሟቿ የፎቶ ቤቱ ኤዲተር ነበረች፤ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት፣ የአንዲት ትንሽ ልጅ እናት። ከካሜራ የወጣውን ጥሬ ፋይል ተቀብላ ብርሃኑን ታስተካክላለች፣ ቀለሙን ትመልሳለች፣ ብጉሩን ታጠፋለች። ማርያም የሳመችውን ምልክት ግን አትነካም ነበር አሉ፤ «ብጉር እንግዳ ነው፣ ይሄኛው ባለቤት ነው» እያለች። የተመታችው ከኋላ፣ ማጅራቷ ላይ ነው። መምቻው የመብራት ማቆሚያው ከባድ ብረት ሲሆን፣ ተወልውሎ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ሳጅኑ ወረቀቱን ዘረጋ። «ነገሩ ያለቀለት ነው። የአርባ ተመራቂ ነርሶችን ፎቶ ማረም ነበረባት። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት ከሩብ ሠላሳ አንዱን ጨርሳለች። አራት ከሃያ ላይ ባሏ ደውሎ በስልክ ተጨቃጨቁ። ከዚያ ሥራው ቆመ። ከአምስት ከሠላሳ አምስት ጀምሮ ግን ዘጠኙ በተራ ወጥተዋል፤ የመጨረሻው ስድስት ከሰባት ላይ ነው። እስከዚያ በሕይወት ነበረች ማለት ነው።»

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ውስጥ፣ ጥቂት ወዲያ ወዲህ ቢል ነው። የፎቶ ቤቱ ሰዎች ሦስቱም አምስት ተኩል አለፍ ሲል እሷ በሥራ ላይ ናት ብለው ከውጭ ቆልፈው፣ ለምረቃው በአንድ መኪና ወደ ነርሶች ትምህርት ቤት ሄደዋል። መቶ ሰው አይቷቸዋል። ስድስት ከሩብ ላይ ምሳዋን ይዞ፣ በሚስቱ ትርፍ ቁልፍ ከፍቶ የገባው ባሏ ብቻ ነው።»

«ገድሎ ነው ራሱ ፖሊስ የጠራው? ለምን?»

«እትዬ፣ ሰዓቱ እኮ ተጽፏል!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤» አለች እሷ።

የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በማግስቱ ጠዋት ባልየው ጣቢያ ውስጥ ሲቀርብ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ድሮም ቁጡ ነው ብሎ መስክሮበት ነበር። የፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ጥፍሮቹ ሥር ግራሶ አለ። ዓይኖቹ ከማልቀስ ብዛት አብጠዋል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ቦርሳዋ ውስጥ ስም ያልተጻፈበት የዓይን ሆስፒታል ቀጠሮ አገኘሁ። የእሷ ዓይን እንደ ንስር ነው፤ ምኗ ታምሞ? የማነው ስላት ‹የሰው ምስጢር ነው፣ አርብ አብሬ እሄዳለሁ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ› አለችኝ።» አንገቱን ደፋ። «ቀናሁ እናቴ። ሌላ ሰው አላት ብዬ ጮህኩባት። ከዚያ ተጸጽቼ ይቅርታ ልጠይቃት ነበር ምሳዋን ይዤ የሄድኩት። መጨረሻ የሰማችው የኔን ስድብ ነው።»

«ልጃችሁ የት ናት?»

«ጎረቤት አደረች። ስድስት ዓመቷ ነው። እናትሽ ሥራ በዝቶባት ነው ተብላለች። እኔ ከታሰርኩ ሌላ ሰው የላትም።»

መርማሪዋ ብዙ ተከሳሽ ሲያለቅስ አይታለች፤ እንባ ማስረጃ እንደማይሆንም ታውቃለች። ያም ሆኖ የዚህ ሰው ነገር አንጀቷን በላው። ከጣቢያው ወጥታ በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ረዳቱን ፎቶ አንሺ ነበር፤ ሲያወራ ጥፍሩን የሚበላ ቀጫጫ ወጣት።

«ትናንት ጠዋት ዕቃ ወደ መኪና ሳወርድ ነበር። የክፍሏ በር ዝግ ነው። ስትሠራ አይንኳኳባትም።»

«አንድ ፎቶ ታርሞ ሲያልቅ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ፕሮግራሙን አውጣ ትይዋለሽ... ይቅርታ፣ ይሉታል። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ አንዱን ለማውጣት አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። ብዙ ከደረደሩለት ግን ራሱ ተራ በተራ ያወጣል።»

«እሷስ ትደረድር ነበር?»

«በፍጹም። አንድ በአንድ ነበር የምታወጣው።»

«ቀለሙንስ በምን ታስተካክላላችሁ?»

ልጁ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን የመጣችበትን ነገር አስታውሶ ፈገግታውን ዋጠው። «ነጩ ላይ ጠቅ ስናደርግ ፕሮግራሙ ይለካዋል። ጋሼ ይህን ሲያዩ ይናደዳሉ። ‹ዓይን ያለው ሰው በምርኩዝ አይሄድም› ይላሉ።»

ጋሼ የሚባሉት የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች። ልጃቸው ታች እንግዳ ትቀበላለች፤ ትናንትም እስኪወጡ ድረስ ከጠረጴዛዋ አልተነሳችም፣ በሩን መጨረሻ ላይ የቆለፉት ግን እንደወትሮው አባቷ መሆናቸውን ተናግራለች። ሽማግሌው መርማሪዋን የተቀበሏት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ነው። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ያበራል። ቁጭ ሲሉ ሱሪያቸው ከፍ አለና ካልሲያቸው ታየ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ድፍን ሰማያዊ ነው።

«እንደ ልጄ ነበረች፤» አሉ። «ሥራውን ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።»

«አሁንስ እርስዎ ያርማሉ?»

«ኮምፒውተሩን ከነካሁ ዓመት አልፎኛል። ላርም ብል ግን ዛሬም ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ቀለም የለም። አርባ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ዓይን ነው።»

መርማሪዋ አመስግና ተነሳች፣ ወደ ጨለማው ክፍል ገብታም አርባዎቹን ነርሶች በአንድ ስክሪን ላይ አስደረደረች። ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና አየች። ቀጥላ ግራውን ሸፈነች፤ መልሳ ቀኙን።

«ከነርሶቹ ጋር ይጣቀሳሉ እንዴ እትዬ?» አለ ሳጅኑ።

«ቀልዱን ተወውና ሰዓቶቹን አንብብልኝ። በሁለቱ ፎቶዎች መካከል ስንት ደቂቃ አለ?»

«አምስት... ሰባት... አራት... ስድስት... አሥር...»

«የመጨረሻዎቹስ?»

«አራት። አራት። አራት። አራት...» የሳጅኑ ድምፅ ቀዘቀዘ። «ሁሉም አራት ነው።»

«ከባሏ ጋር በስልክ ተጣልታ ስልኩን የዘጋች ሴት፣ እያንዳንዱን ፊት እኩል አራት ደቂቃ? ሂድ ባልየውን አምጣልኝ። ሁሉንም እዚሁ ሰብስባቸው።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም በጨለማው ክፍል ተገኙ። ባልየው እጁ በካቴና ታስሮ ሳጅኑ አጠገብ ቆሟል። ሚስቱ የወደቀችበትን ወለል ላለማየት ኮርኒሱን ያያል።

«የአንዲት ነርስ ጥሬ ፋይል ከፍቻለሁ፤» አለች መርማሪዋ። «ሦስታችሁም ተራ በተራ እየገባችሁ ጋውኑን ነጭ አድርጉልኝ። ጠቅታ አይፈቀድም፣ በዓይን ብቻ። የሌላውን ሥራ ማንም አያይም።»

«ይህ ከሰው ሞት ጋር ምን አገናኘው?» አሉ ሽማግሌው።

«ልጆቹ ያለ መለኪያ አይችሉም ሲባል ሰምቼ ነው። እርስዎ እንኳ ይችላሉ።»

ሽማግሌው አፍንጫቸውን ነፋ አደረጉ። ልጃቸው ገባች፣ ወጣች። ቀጫጫው ፎቶ አንሺ ገባ፣ ወጣ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ተጠርተው ቆመው ሲያዩ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። የቀለሙን መቆጣጠሪያ ወደ ግራ ገፉት፤ ትንሽ ቆዩ፤ ጨመሩበት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አሁንም ጨመሩበት።

«ይኸው፤» አሉ። «አሁን ነጭ ሆነ።»

ጋውኑ፣ ጥርሷ፣ የዓይኖቿ ነጭ ሳይቀር የማጠቢያ ሰማያዊ የበዛበት አንሶላ መስሏል። ሽማግሌው ዞር ብለው የቆሙትን አንድ በአንድ አዩ።

«ምን ሆናችሁ?»

ልጃቸው አፏን በእጇ ይዛለች። «አባዬ... ሰማያዊ እኮ ነው።»

መርማሪዋ ጊዜ አልሰጠቻቸውም። ሦስቱን ሥራዎች ጎን ለጎን አወጣች።

«ፕሮግራሙ ለቀለም ቁጥር ይሰጠዋል። ሟቿ በሠላሳ አንዱ ላይ ያስቀመጠችው ቁጥርና እነዚህ ሁለት ልጆች አሁን ያስቀመጡት አይራራቅም። የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ፎቶዎች ቁጥር ግን ሌላ ነው፤ አሁን ጋሼ ካስቀመጡት ጋር አንድ ነው። ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር አልነካሁም ብለውኝ ነበር።»

«ሰዓቱስ?» አለ ቀጫጫው። «ዘጠኙ ሲወጡ ጋሼ ከእኛ ጋር መኪና ውስጥ ነበሩ።»

«ያወጣው ማሽኑ ነው። አራት ከሃያ ላይ ስልኩ ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ገቡ፣ መቷት። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተቀምጠው፣ እሷ እግራቸው ሥር ተኝታ፣ ዘጠኝ ፊት አረሙ። ደርድረው አውጣ አሉትና የክፍሉን በር ዘግተው ወረዱ። ማሽኑ በየአራት ደቂቃው አንድ እያወጣ በሕይወት ያለች አስመሰላት።»

ልጃቸው ከአባቷ ወንበር ወደ ኋላ ራቀች።

«ለምን ብለው?» አለ ባልየው። «ምን አደረገቻቸው?»

«የቀናህበት ቀጠሮ የእሳቸው ነው። የዓይን ሞራ አለባቸው። የጥቁርና የሰማያዊ ካልሲ ልዩነት አይታያቸውም። እኔም ስለያዘኝ ነው ያወቅሁት፤ ቀኝ ዓይኔን ተሠርቻለሁ፣ ግራው ተራ ይጠብቃል። በቀኜ ሳይ ዘጠኙ ሰማያዊ ናቸው። በታመመው ግራዬ ሳይ ግን ዘጠኙ ነጭ ሆነው ሠላሳ አንዱ እንደ አሮጌ ወረቀት ቢጫ መሰሉኝ። ዘጠኙን ያረመው ሰው እንደ ግራ ዓይኔ የሚያይ ነው።»

ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ ያሉትን እጆቻቸውን እያዩ ተናገሩ። «ሁለት ዓመት ሸፈነችልኝ። የማነሳውን ሁሉ ታቃናው ነበር። አርብ ሄደው ካልታከሙ ለልጅዎ እነግራለሁ አለችኝ። ትናንትም ያንኑ ደገመችው። ዓይኑ የጠፋ ፎቶ አንሺ ተብዬ ልኑር? ለምኛታለሁ... ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ከዚያ በኋላ እጄ ያደረገውን አላውቅም።»

«ብረቱን ሲወለውሉት ግን ያውቁ ነበር፤» አለች መርማሪዋ። ቁጣዋ ፊቷ ላይ ወጣ። «ሞራውን ማውጣት ሃያ ደቂቃ ነው ጋሼ። የእኔ ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀው። በማግስቱ ጋዜጣ አነበብኩ።»

«ሃያ ደቂቃ?» አሉ ሽማግሌው።

ሳጅኑ ካቴናውን ከባልየው እጅ ፈታ፤ «ይቅርታ ወንድሜ» ማለቱን ግን ከራሱ በቀር የሰማው አልነበረም። ከዚያ ካቴናውን ይዞ ሽማግሌው ወደተቀመጡበት ወንበር ሄደ።

«ሰዓት ስንት ነው?» አለ ባልየው።

«ስምንት ከአርባ።»

«ልጄ ዘጠኝ ላይ ከትምህርት ቤት ትወጣለች።» በሩ ድረስ ፈጠን ብሎ ሄደና እጀታውን ይዞ ቆመ። «እናቴ... ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

መርማሪዋ ወደ እሱ ሄዳ ትከሻውን ያዘችው። «መጀመሪያ እቀፋት። ከዚያ ቁጭ ብለህ እውነቱን ንገራት። ሥራ በዝቶባት ነው እንዳትላት ልጄ፤ ስትጠብቃት ትኖራለች።»

ራሱን ነቀነቀ፣ እንባውን በግራሶ በቆሸሸው እጁ ጠረገ፣ ደረጃውን ወረደ።