አርባ ቀዳዳ ያለው ሳጥን

እታለም አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች።

ስክሪን ላይ ነው። አንዱ ዓይኗ ግማሽ ተጨፍኗል፣ እጇ አየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሊያስነጥሳት ሲል የተያዘች ትመስላለች። ሌላ ቀን ቢሆን ምስማር ፎቶ አንስታ ዓመቱን ሙሉ ታበሽቃት ነበር። ዛሬ ግን ሳቋ ከየት ይምጣ።

«ሰ... ማሽ? ግድግ... ወደ ግ...» አለ ድምፁ። ከዛ እሱም ጭጭ።

ከእታለም ጎን ሌሎች ሦስት ፊቶች ተደርድረዋል፣ ሁሉም ደርቀዋል። አንዱ አለቃዋ ነው፤ ጢሙን ሲያክ ነው የደረቀው። በመጨረሻ የሱ ድምፅ ብቻ እየተንፏቀቀ ደረሰ። «የቤትሽ መስመር የሚሆን አልመሰለኝም። ለመጪው ቅዳሜ አንዴ እንድገመው። ያኔም ከተቆረጠ ነገሩን እንተወዋለን።»

ስክሪኑ ጠፋ። ምስማር ላፕቶፑን ከደነችና ዞር ብላ ጥግ ላይ የተቀመጠውን የብረት ሳጥን በክፉ ዓይን አየችው።

ምስማር የመዝገብ ስሟ አይደለም። ሰውነቷ ቀጭን፣ ጭንቅላቷ ደግሞ ተለቅ ያለ ስለሆነ ታላቅ እህቷ እታለም ያወጣችላት ነው። አባታቸው በያጅ ስለሆነ ስሙ ከቤቱ ጋር ገጥሞ ቀረ። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ፀጉሯን የሠራቻት፣ የቤት ሥራዋን ያሠራቻት፣ ወላቃ ጥርሷን በክር አስራ የሳበችላት እታለም ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ግን የሕንፃ ፕላን የሚሠራ ቢሮ ቀጠራትና ሄደች። ቢሮው ያለው አውቶቡስ ሲነጋ ተነስቶ ሲመሽ የሚደርስበት ከተማ ነው። የምትመጣው በዓመት ሁለቴ፣ ለሦስት ለሦስት ቀን። የመጀመሪያው ቀን በእንቅልፍ ያልቃል፣ ሁለተኛው በልብስ አጠባ፣ ሦስተኛው «ቻርጀሬን ያያችሁ?» በማለት።

መኝታ ቤት ውስጥ ሁለት አልጋ አለ፣ የሚተኛበት ግን አንዱ ብቻ ነው። ምስማር አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመጣ የእታለምን አንሶላ ታመሳቅለዋለች፣ አሁን ሰው የተነሳበት እንዲመስል። ከዛ ራሷ ታነጥፈዋለች። ይሄን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ክፍል ውስጥ ቢሰሙ እስክትመረቅ መቀለጃ ነው የሚያደርጓት።

ነገሩን ሁሉ የጫረው የቢሮው አዲስ ዋይፋይ ነው። ድሮ የነእታለም ኮምፒውተር በገመድ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ፣ እነሱም ወንበር ላይ ተተክለው ነበር የሚውሉት። ዋይፋይም ነበራቸው፣ ግን አንዱ ትልቅ ፕላን ሲከፍት የሌላው ይሞታል። አምና አዲሱ ገባ። እታለም የዛን ቀን ደውላ ላፕቶፗን እንደ ትሪ ተሸክማ አዞረቻት፤ ከቢሮው ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ ጣራው፣ አንዴም ሳይቆረጥ።

«የድሮውን አንድ በር ያለው ቤት ነው በይው፤ አንዱ እስኪገባ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። አዲሱ በሩ ብዙ ነው፤ ሁላችንም አንዴ እንገባለን» አለች። «ይሄ ሄልሜት ያደረገው ይታይሻል? ከከተማ ውጪ ነው ያለው፣ ሕንፃው የሚሠራበት ቦታ። እኔ እዚህ ፕላኑ ላይ መስኮት ስገፋ እሱ እዛ ያየዋል። ‹ኧረ መልሺው እቴ፣ እዛ ጋ ምሰሶ አቁመናል› ይለኛል። በፊት እኮ ይቺን ለመነጋገር ሦስት ቀን ይፈጅብን ነበር።»

ምስማር ሄልሜቱንም መስኮቱንም አላየችም። ሥራ ደረጃ ከወጣ፣ ጣራ ከወጣ፣ ከከተማ ውጪ ከደረሰ... «ታዲያ እኛ ቤት ለምን አይመጣም?» አለች።

ከሳምንት በኋላ እታለም አለቃዋን ጠየቀችው። ክፉ ሰው አይደለም። «አንዱ ኮምፒውተር እናንተ ቤት ይሁንና አንድ ሰዓት ሙሉ አንድ ፕላን ላይ አብረን እንሥራ። ካልተቆረጠ ከወሩ ሦስቱን ሳምንት ከቤትሽ ሥሪ» አላት። መስመር ተዘረጋ። ላፕቶፕና ዋይፋዩን የሚረጨው ራውተር በአውቶቡስ ተላኩ።

አባዬ የገባበት እዚህ ጋ ነው።

አባዬ በቀን የሚናገረው ቃል ቢቆጠር በሁለት እጅ ጣት ያልቃል። ራውተሩ ከካርቶኑ ሲወጣ ግን እንደ አራስ ልጅ በመዳፉ ይዞ አገላብጦ አየው።

«ይቺ ናት የምታመጣት?»

«አዎ አባዬ።»

በቃ። ሳምንቱን ሙሉ ብየዳ ቤቱ አመሸ። አርብ ዕለት በወፍራም ላሜራ የተሠራ ሳጥን ተሸክሞ መጣ። እግር አለው፣ ማጠፊያ አለው፣ ቁልፍ አለው። ክዳኑ ላይ ከሮንዴላ፣ ከቡሎን ሥር ከሚገባው ክብ ብረት፣ የተበየደች አበባ ተቀምጣለች። ራውተሩን ከተተበት፣ ቆለፈበት፣ ቁልፉን ኪሱ አስገባ።

«ሌባ አይነካት። አቧራ አይገባባት» አለ። ከዛ ፊት ለፊቱ ላይ በመደዳ የተበሱትን ቀዳዳዎች በጣቱ እየዳሰሰ «አርባ ናቸው። በአየር አይደል የምትሠራው? አየሩ በዚህ ይወጣላታል።»

ይሄ ለአባዬ የሦስት ቀን ራሽን ነው። እታለም ጽፋ የላከችው ወረቀት ላይ ደግሞ የመጀመሪያው መስመር «ብረት አጠገብ እንዳታስቀምጪው» ይላል። ምስማር ወረቀቱን በቃሏ ታውቀዋለች። የአባዬን ፊት እያየች ግን አፏ እምቢ አላት።

ለዚህ ነው ቅዳሜ ሙከራው እንደከሸፈ እታለም በስልክ ደውላ «የት ነው ያስቀመጥሽው?» ስትላት «ጠረጴዛ ላይ፣ ገላጣ ቦታ» ያለችው።

ሐሙስ ቀን፣ ምናልባት ቀዳዳው ይበቃ ይሆናል ብላ፣ የፊዚክስ መምህሯን ጠየቀች።

«ቲቸር፣ ራውተር ብረት ሳጥን ውስጥ ቢቆለፍስ? ግን ቀዳዳ ቢኖረው። አርባ።»

«ቀዳዳው ምን ያህላል?»

የትንሽ ጣቷን ጫፍ አሳየችው።

«አይበቃም፤ አብዛኛውን ብረቱ ይመልሰዋል» አለ መምህሩ። «ግን ማነው እንደዛ ያደረገው?»

«አንድ የማውቀው ሰውዬ።»

«ሰላም በይልኝ።»

በዕረፍት ሰዓት አጥሩ ሥር ሄዳ ለእታለም ደወለች።

«እታለም፣ ዋሽቼሻለሁ።»

«ምን ሰበርሽ?»

«ምንም አልሰበርኩም። ራውተሩ የብረት ሳጥን ውስጥ ነው። አባዬ ነው የሠራው። ይቆለፋል። አበባም አለው።»

እታለም እስክታስል ሳቀች። «ዋይፋዩን እስር ቤት አስገባው በይኛ።» ከዛ ሳቋ መሀል ላይ ተቋረጠ። አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ። «ምን ዓይነት አበባ?»

«ከሮንዴላ። አምስት ቅጠል ያላት።»

«ምስማርዬ ስሚኝ። እንዳትነግሪው።»

«እንዴ?»

«እንዳትነግሪው ነው የምልሽ። ያኔ ስሄድ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝቶኝ ‹ደህና ግቢ› ማለት አቅቶት ‹የሻንጣሽ ማጠፊያ ላልቷል› ነው ያለኝ። ጎንበስ ብሎ አጠበቀልኝ። አሁን ያንን ሁሉ ቀን ለፍቶ፣ አበባ ሠርቶ፣ ‹ልጅህን ያስቀረሃት አንተ ነህ› ልትይው ነው? ለአለቃዬ ቤቱ አይመችም እለዋለሁ፣ ያልቃል። በእረፍቴ እመጣለሁ።»

«ለሦስት ቀን።»

«ለሦስት ቀን።»

ደወሉ ተደወለ። «እስከ ቅዳሜ ምንም እንዳትይው ለአለቃሽ» አለችና ምስማር ዘጋችው።

አርብ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደች። መንገድ ላይ የምታስበው ሌላ ነበር። ቁልፉን ከኪሱ ላፍ ማድረግ፣ ራውተሩን ማውጣት፣ ሙከራው ሲያልቅ መልሶ መቆለፍ። ማን ያውቅባታል? በሌብነቱማ አትታማም፤ ብስኩት የተቆለፈበትን ቁም ሳጥን በፀጉር መያዣ የከፈተች ልጅ ናት። ግን እታለም መጥታ በየቀኑ ስትሠራ፣ በየቀኑ ቁልፍ ሲሰረቅ ሊኖር ነው? ደግሞስ አባዬ በየጠዋቱ ያንን ሳጥን እየወለወለ፣ እሷ ከኋላው ቆማ ልትስቅበት?

አባዬ ጭንብሉን አድርጎ የበር ፍሬም ይበይዳል። እሳቱን ላለማየት፣ እንዳስተማራት፣ ጀርባዋን ሰጥታ ጠበቀች። ድምፁ ሲቆም ዞረች። ጭንብሉን ወደ ላይ ገፋ አደረገው።

«በላሽ?»

«በላሁ። አባዬ፣ ሳጥኑ...»

«ላላ?»

«አልላላም። ጠንካራ ነው። በጣም ጠንካራ ነው፣ እሱ ነው ችግሩ።»

ጠበቃት።

«ዋይፋይ ብረት አያልፍም። በአየር ይሄዳል እንጂ አየር አይደለም። ቅዳሜ የተቆረጠብን ለዛ ነው።»

አባዬ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ። አንድ ጣት። ሌላ ጣት።

«ቀዳዳውን ባሰፋውስ?»

«አይሆንም አባዬ።»

«በትልቁ መብሻ?»

«አይሆንም።»

ጓንቱን በጓንቱ ላይ ደረበና ያዘው። «እሷ ታውቃለች?»

እዚህ ጋ ትንሽ መዋሸት ይቻል ነበር። «ታውቃለች» አለች። «እንዳልነግርህ ብላኝ ነበር። ይቅር፣ አልመጣም አለች።»

አባዬ ጓንቱን መልሶ አጠለቀ። ጭንብሉን አወረደ። እሳቱ ተነሳ። ምስማር ጀርባዋን ሰጥታ ሌላ ቃል ይመጣ እንደሆን ጠበቀች፤ የመጣው የብረት ጩኸት ብቻ ነው። በቃ አበላሸሁት፣ እያለች ቤቷ ሄደች። እራት ላይም አላወራም። ምስማር እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች።

ቅዳሜ ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ምስማር ላፕቶፑን ከፍታ ተቀምጣለች። አባዬ ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ቤት ገብቶ አያውቅም። በሩ ተከፈተ። የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው፣ ከብየዳ ቤት በእግሩ ፈጥኖ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው። ቀጥ ብሎ ሳጥኑ ጋ ሄደ፣ ከፈተው፣ ራውተሩን በሁለት እጁ ይዞ መሀል ቤት ቆመ።

«የት?»

«እዚህ፣ ወንበሩ ላይ።»

አስቀመጠው። «ሌላስ ምን ይከለክላታል?»

ምስማር ወረቀቱን እያየች፣ ሳታስብ፣ «ብረት፣ ውሃ፣ መሀል ላይ የሚቆም ሰው» ብላ አነበበች።

አባዬ ራሱን ነቀነቀና ወጥቶ ግቢ ውስጥ ቆመ።

አራት ሰዓት ላይ ፊቶቹ ጥርት ብለው መጡ። እታለም ጣራ ላይ ናት፣ ነፋስ ፀጉሯን ያምሰዋል። ከፊቶቹ ሥር ፕላኑ ተዘረጋ፤ የትምህርት ቤት ፕላን ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀለም ያላት ቀስት አለችው። የእታለም ቀይ፣ የምስማር አረንጓዴ።

«አረንጓዴ፣ ግድግዳውን ሁለት ሜትር ወደ ግራ» አለ አለቃው። ገፋችው። በሁሉም ስክሪን ላይ እኩል ሄደ። «አረንጓዴ፣ በሩን አዙሪው።» አዞረችው። ሃያ ደቂቃ አለፈ፣ ሠላሳ አለፈ፣ አልተቆረጠም።

«ማነው የርእሰ መምህሩን ቢሮ ሽንት ቤት አጠገብ የወሰደው?» አለ ሄልሜት ያደረገው።

«አረንጓዴ ናት» አለች እታለም። «መልሺ አንቺ።»

ሁሉም ሳቁ። ምስማርም ሳቀች፣ እየሳቀችም በመስኮት ወደ ውጪ አየች። አባዬ ያው ነው። ፀሐዩ መሀል፣ ጀርባውን ለቤቱ ሰጥቶ፣ እጁን አጣምሮ። ድንጋይ ላይ እንኳ አልተቀመጠም። ዞሮ ቢያይ ዓይኑ የሚከለክል ሳይመስለው አይቀርም።

ሃያ ደቂቃ ነው የቀረው። ሃያ ደቂቃ ውጪ ቢቆም ምንም አይሆንም። መሀል ገብቶ ቢቆረጥ ግን ሌላ ቅዳሜ የለም፣ ያኛው አልጋም እንደተነጠፈ ይቀራል። ምስማር ወደ ስክሪኑ ዞረች። እንደገና ወደ መስኮቱ ዞረች።

«አባዬ፣ ግባ።»

«እከለክላለሁ።»

«ግባ አልኩህ።»

ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ ገባ። በርጩማ ሳበችለት። ሲያልፍ ምስሉ ተንሸዋረረ፣ አንድ ትንፋሽ ያህል፣ ከዛ ተመለሰ። አባዬ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ፕላኑ ላይ ቀይዋ ቀስት አንዱ ክፍል መሀል ቀጥ አለች።

«ቀይዋ እሷ ናት?» አለ አባዬ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«ምን ሆና ቆመች?»

«አይታህ ነው።»

«ቀይ፣ ምነው? መስመር ነው?» አለ አለቃው። ነፋሱ የእታለምን ፀጉር ፊቷ ላይ ደፍቶታል፣ አልጠረገችውም።

ምስማር ሰዓቱን አየች። አሥራ ስምንት ደቂቃ። አባዬ ማውዝ ነክቶ አያውቅም፤ ግድግዳ ሊያፈርስ ይችላል፣ ፕላኑን በሙሉ ሊያጠፋው ይችላል። እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሳችው፤ ሻካራ ነው፣ የእሳት ፍንጣሪ ነቁጥ ነቁጥ አድርጎታል። ማውዙ ላይ አስቀመጠችው። ከዛ የራሷን እጅ አነሳች።

«አረንጓዴዋ አንተ ነህ» አለችው።

አረንጓዴዋ ቀስት ተንቀጠቀጠች። ግድግዳ ጥሳ ወጣች፣ ኮሪደሩ ላይ ተደናበረች፣ በመስኮት ውጪ ወድቃ እንደገና ተመለሰች። ቀስ ብላ ክፍሉ ውስጥ ገባች። ቀይዋ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«አረንጓዴው እየተንቀጠቀጠ ነው» አለ አለቃው። «ሊቆረጥ ነው እንዴ?»

«መስመሩ ደህና ነው» አለች እታለም። «አባቴ ነው።»