ብርጭቆው ውስጥ የነበረው

ድንቢጥ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ስታየው፣ ከውስጡ ጥርስ ገጠጠባት።

እንጥሏ ዱብ አለ። ሊያመልጣት ሲል በሁለት እጇ ለቀም አደረገችው። ውሃው ውስጥ የላይኛውም የታችኛውም ጥርስ ከነሮዝ ድዱ ተቀምጧል። «ውይ በሞትኩት!» አለች በሹክሹክታ። አያቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ከምሳ በኋላ እንደ ልማዳቸው ለጥ ብለው ተኝተዋል።

የማን ነው እንዳትል ክፍሉ የእሳቸው ብቻ ነው። ግን እንዴት ይሆናል! እኚህ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር እኮ በጥርስ ጉራ ሰፈሩን ያስመረሩ ሰው ናቸው። የደረቀ ዳቦ በሰው ፊት ኮርሽመው ያሳያሉ። «ሰባ ዓመት አልፎኝ አንድ እንኳ አልጎደለኝም! ጠዋትና ማታ መቦረሽ ነው ምስጢሩ» እያሉ፣ ድንቢጥን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቧንቧ ሥር አቁመው አሳሯን አብልተዋታል። ለካ በተኙ ቁጥር በራቸውን የሚቆልፉት ለዚህ ኖሯል። ዛሬ ረስተውታል።

እሷ የመጣችው ብርጭቆውን ፈልጋ ነበር። የሥዕል ክበቡ መምህር፣ ተማሪዎቹ እሳቸው በሌሉበት «ጋሽ ከሰል» የሚሏቸው፣ ከቤት የተሰበሰቡ ዕቃዎችን ደርድረው እንዲስሉ አዘዋል። ከሁሉ የበለጠውን የሳለ አንድ ተማሪ፣ ዕረፍቱን በእውነተኛ ሠዓሊ ስቱዲዮ ያሳልፋል። ድንቢጥ ይህን ዕድል እንቅልፍ እስክታጣ ድረስ ፈልጋዋለች። ግን መጀመሪያ ላይ የፕላስቲክ አበባና ሁለት ብርቱካን ደርድራ ብታሳያቸው፣ መምህሩ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«ይሄ የማንም ጠረጴዛ ነው። ሰውየውን ሳትስይ ሰውየውን አሳዪኝ እንጂ! ከዕቃው ማን እንደሆነ ልወቅ።»

ስለዚህ አያቷን መረጠች። የሹፌርነት ኮፍያቸውን፣ ወፍራም መነጽራቸውን፣ የጢም መላጫ ብሩሻቸውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደርድራለች። የጎደላት አንድ የሚያበራ ነገር ነበር፤ ብርጭቆ።

«መልሺው» አላት አንዱ ልቧ። ሌላው ግን ብርሃኑ ውሃው ውስጥ እንዴት እንደሚሰበር እያየ ነበር። ቶሎ ስዬ ሳይነቁ እመልሰዋለሁ ብላ በጣቶቿ ጫፍ እየረገጠች ወጣች።

በዕድሜዋ እንደዚያ ስላ አታውቅም። የዘይት ቀለሙ ለእጇ ታዘዘላት። ኮፍያውና መነጽሩ ዝም ብለው ዕቃ ነበሩ፤ ብርጭቆው ሲጨመር ግን ድንገት ሰውየው ጠረጴዛው አጠገብ ያሉ ያህል ሆነ። ጋሽ ከሰል ይህን ሲያዩ ምን እንደሚሉ እያሰበች ብቻዋን ፈገግ አለች። ሰዓቱን ግን ረሳችው።

በሩ ላይ ኮቴ ሰማችና ቀና አለች። የማታውቀው ሽማግሌ ቆሟል! ጉንጩ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ አገጩ ወደ አፍንጫው ተጠግቷል። ልትጮህ አፏን ከፈተች። ከዚያ ሹራቡን አየች። የአያቷ ሹራብ ነው።

«አ… አባባ?»

አያቷ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ዓይናቸው ከብርጭቆው ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ እሷ ተንከራተተ። ድንቢጥ ምነው በተቆጡኝ፣ ምነው በጮሁብኝ ብላ ተመኘች። እሳቸው ግን በአንድ እጃቸው አፋቸውን እንደሸፈኑ፣ በሌላው ብርጭቆውን አንስተው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ቁልፉ ሁለቴ ሲዞር ተሰማ።

ተከትላቸው ሄዳ በሩን በቀስታ አንኳኳች።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። በእናቴ ሞት…»

ከበሩ ጀርባ መለሱ። «እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«መምህርሽስ?»

«ማንም አላየም፣ አባባ። ነገ ነው የማስረክበው።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማች።

«ቆንጆ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሥዕሉን ማለቴ ነው። እጅሽ ይባረክ።»

ቢሳደቡ ይሻላት ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ራት ላይ አያቷ አልመጡም። «ሆዴን ትንሽ ቆርጦኛል» አሉ በበሩ ውስጥ፤ እናቷም አመነች። ድንቢጥ ግን የቀረበላትን ወደ ጎን ገፋችው። ከራት በኋላ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ሸራው ግድግዳውን ተደግፎ ያያታል። ይህ ሥዕል ከገባ ስቱዲዮው የእሷ ነው፤ ልቧ ያውቀዋል። የወላጆች ቀን ሲደርስ ደግሞ ሥዕሉ አዳራሹ ውስጥ ይሰቀላል። ኮፍያውን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም።

ቀለሙ ገና አልደረቀም። የቀለም መፋቂያ ቢላዋዋን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። ከዚያ ጥርሱን ከላይኛው ረድፍ ጀምራ ፋቀችው። በቦታው ውሃ ለመሳል ሞከረች፤ ግን ያ ብርሃን ተመልሶ አልመጣላትም።

በማግስቱ ጋሽ ከሰል ከሸራው ፊት ቆመው አንገታቸውን ዘመም አደረጉ። በሥዕል ከሰል የጠቆረ ጣታቸውን ወደ ብርጭቆው አስጠጉ።

«ሌላው ሁሉ ግሩም ነው። ሰውየው ይታየኛል። እዚህ ጋ ግን የሆነ ነገር ነበረ። ፍቀሽዋል። ምን ነበር?»

ድንቢጥ ቀና ብላ አየቻቸው።

«ውሃ ነው፣ መምህር።»

«ብቻ?»

«ብቻ።»

መምህሩ በቅሬታ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደሚቀጥለው ሸራ አለፉ።