የአውራ ጣት ማረፊያ

ቤቱ አንድ ክፍል ነበር፤ ግማሹ መኝታ፣ ግማሹ ጭቃ። አልጋው ሥር ያልደረቁ ማሰሮዎች ይደረደራሉ። ባሏን በሽታ በወጣትነቱ የነጠቃት ሸክላ ሠሪ እዚያ ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ ታሳድግ ነበር። ልጅቷን የሰፈሩ ልጆች «ጭቃዋ መጣች!» እያሉ ሲያበሽቋት እያለቀሰች ትገባለች። እናትየው ትስቃለች።

«ጭቃ ባይኖር አንቺን ከምን እሠራሽ ነበር?»

ልጅቷ አልሳቀችም። ያኔ የገባባት እፍረት አብሯት አደገ።

አንድ ቀን ውሃ የሞላ ማሰሮ ከእጇ አምልጦ ተሰበረ፤ እግሯንም ቆረጣት። እናት አልተቆጣችም። አዲስ በሠራችው ማሰሮ እጀታ ላይ፣ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ፣ የልጇን አውራ ጣት ይዛ ተጫነችው። «እዚህ ጋ ያዢው እናቴ፣ ከእንግዲህ አያመልጥሽም።» ከዚያ ወዲያ በምትሠራው ማሰሮ ሁሉ ላይ ያቺን ጎድጓዳ ታኖራለች። ልጅቷ አድጋ ጣቷ ቢወፍርም እናት ልኳን አልለወጠችም፤ በራሷ ትንሽ ጣት ጫፍ ትሠራት ነበር።

ያላትን ሁሉ ሸጣ ልጇን ሸክላ እንድትማር ኮሪያ ድረስ ላከቻት። እዚያ አንድ ሽማግሌ አስተማሪ በትልቅ ጋን እርጥብ ቅብ ላይ ጣቶቹን ጎትቶ ሐረግ ሣለና፣ «እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው» አለ በኩራት። «ያንቺስ እናት?» ልጅት አቀርቅራ፣ «የኔ እናት ቢሮ ነው የምትሠራው» አለች። ምን አስዋሻት? ማን ያውቃታል እዚያ?

ተመልሳ ስመ ጥር ሆነች። እናትየው ከጀርባ ክፍል ጭቃ ታቦካላታለች፤ ደረቁን አፈር ስትነፋ አቧራው ሳንባዋን እየበላው ትስላለች። የልጇ የሸክላ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ቀን እናት ቤት የተረሳ፣ ያቺ ጎድጓዳ ያለችበት ማሰሮ በጨርቅ ጠቅልላ በጓሮ በር ገባች። መነጽር ያደረጉ አንድ ሰውዬ ያንኑ ማሰሮ ተቀብለው እያገላበጡ፣ «ይቺ ጎድጓዳ ለጣቴ ጠበበችኝ፤ ለምን ይሆን?» አሉ።

«እሷማ የልጅ ጣት ስለሆነች ነው ጌታዬ...» አለች እናት ደስ ብሏት።

ልጅት ቀደመቻት። «ከኮሪያ አስተማሪዬ የወሰድኩት ነው። እዚያ ሸክላ ሠሪ ጣቱን በሥራው ላይ ያሳርፋል።»

«እኚህስ እናት?» አሉ ሰውዬው።

«ጭቃ የሚያቦኩልኝ ናቸው።»

እናት የተሰነጣጠቁ እጆቿን ሻርፗ ውስጥ ከተተች። ወደ ቤት ሲመለሱ እንኳ አላወጣቻቸውም። «ታጥቤ መምጣት ነበረብኝ፤ አሳፈርኩሽ አይደል?» አለች ቀስ ብላ። ምን ነበረበት ያኔ «አይደለም እማዬ» ብትላት! አንዲት ቃል!

ወዲያው ሳሏ ባሰባት። እናት ሆስፒታል ተኛች። ልጅት ከብዙ ሰበብ በኋላ መጣች፤ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ አዲስ ማሰሮ ይዛለች። «እማዬ፣ ጣትሽን እዚህ ጋ አሳርፊልኝ። ጎድጓዳዋ ያንቺ መሆኗን ለሁሉም እናገራለሁ» አለችና እጇን ልትይዝ ብርድ ልብሱን ገለጠች። እናት አጠገቧ የቆመችውን ነርስ በዓይኗ አይታ እጆቿን መልሳ ሸሸገች።

«ሰው አለ ልጄ... ያዩታል።»

«ይዩት! እናቴ ነሽ! ሲስተር፣ እናቴ ናት!»

ነርሷ ክው አለች። «እናትሽ ናቸው እንዴ? እሳቸውማ 'ዘመድ የለኝም፤ ለአንዲት ትልቅ ሰው ጭቃ የማቦካ ነኝ' ነው ያሉን።»

ልጅት ወለሉ ላይ ተዘረጋች። እያለቀሰች ይቅርታ ስትለምን እናት ሰማቻት ይሆን? አላወቀችም። ቀና ስትል የእናቷ ትንፋሽ የለም። እጆቿ ከብርድ ልብሱ ሥር ናቸው። ማሰሮው መስኮቱ ሥር ደረቀ፤ እጀታው ጣት ሳያርፍበት፣ ልሙጥ እንደሆነ።

ዛሬ ልጅት ያንን ማሰሮ እሳት ሳታስገባው አስቀምጣዋለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር የእናቷን ነገር ሳትጠየቅ ታወራለች፤ ሰውም ከንፈሩን መጥጦ ይሄዳል። የእናትየው ዕድል ነው ይላሉ። እኔ አይዋጥልኝም። ሳንባዋን ዕድል ወሰደው እንበል። እጇን ያስደበቃት ግን ዕድል አይደለም።