መርፌው ሲደርስ

«እንዳትነቃነቂ» አለች አክስቷ፤ ማስነጠስ ግን መቼ ፈቃድ ጠይቆ ያውቃል? ንጥሻ አልጋው ላይ በጀርባዋ እንደተኛች ሦስት ጊዜ አከታተለችው። አክስቷም መርፌዋን ወደ ላይ ይዛ ማዕበሉ እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ንጥሻ» የወጣላት ስም ነው። ዛፎቹ ማበብ ሲጀምሩ ብናኛቸው አፍንጫዋን እንደ ተበላሸ ቧንቧ ያፈሰዋል፣ ዓይኖቿን ያቀላቸዋል። የክፍሏ ልጆች «ይማርሽ» ማለት ስለሰለቻቸው ጠዋት አንዴ የቀኑን በሙሉ በጅምላ ይሉላትና ይገላገላሉ።

ዛሬ ግን ያ አፍንጫ ለቁም ነገር ተፈልጓል። አክስቷ የአኩፓንቸር ተማሪ ናት፤ በቀጫጭን መርፌ ማከም ትማራለች። ለመጨረሻው ፈተና በአለርጂ የሚሰቃይ ሰው ይዛ መቅረብ ነበረባት። ሁለቴ ወድቃለች፤ ሦስተኛውን ከወደቀች ትምህርቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ለዚህ ስትል ስንት ወር ሙሉ በሰው ቆዳ ፈንታ ለልምምድ ሳሙና ስትወጋ ከርማለች። ቤት ውስጥ ፊታቸውን የሚታጠቡበት ሳሙና ሳይቀር ወንፊት ሆኗል።

ሁለቴም የጣላት ጥድፊያ ነው። መርፌው ከገባ በኋላ ታካሚው ውስጡን ከበድ፣ ደንዘዝ ሊለው ይገባል። ባለሙያዎቹ «ደረሰ» ይሉታል። እሱን ሳትጠብቅ ወደ ሌላው መርፌ ትሮጣለች። ንጥሻ ደግሞ ለዚህ መላ አላት፤ መንገድ ላይ ነግራታለች።

«አንቺ ብቻ ውጊ፣ አክስቴ። ‹ደረሰ› ማለቱን ለኔ ተዪው። ሴትዮዋን እንሸውዳታለን።»

አክስቷ ላብ ያጠመቀውን መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

«ሴትዮዋ» ፈታኟ ናቸው፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ አዛውንት። ብዕርና ወረቀት ይዘው ከአልጋው ግርጌ ቆመዋል፤ እስካሁን አንድ ፊደል አልጻፉም።

መርፌው በንጥሻ ግራ እጅ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት መካከል ገባ። ትንኝ እንኳ ከዚህ ትብሳለች።

«ደረሰ?» ሲሉ ጠየቁ ፈታኟ።

«ደረሰ» አለች ንጥሻ አፏን ሞልታ።

አክስቷ ወደ ሁለተኛው መርፌ አልሄደችም። ሁለት ጣቶቿ እዚያው ቀሩ። ከበር ውጭ ኮቴ እንደሚያዳምጥ ሰው ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«አልደረሰም» አለች በቀስታ።

የንጥሻ ጆሮ ጋለ። ጉድ ፈላ። እጁ የሷ፣ ውሸቱም የሷ፤ ታዲያ ይህች ሴት ከየት አወቀች? ስንት ወር ሙድ ስትይዝባት የከረመችው ሳሙና ወጊ አክስቷ ናት ይህች?

አክስቷ መርፌውን የፀጉር ያህል ከፍ አደረገችው፣ አዞረችው፣ ጠበቀች። ከዚያ መጣ። ሙቀትም ቅዝቃዜም ያልሆነ ክብደት ከመዳፏ ተነስቶ በዝግታ ክንዷን ወጣ፤ አሥራ አራት ዓመት በኖረችበት ቤት ውስጥ ገብታበት የማታውቀው ክፍል ያለ ይመስል። በዚያችው ቅጽበት የአክስቷ ጣቶች ቆሙ። ንጥሻ ገና ትንፍሽ ሳትል አክስቷ በጣቶቿ አውቃለች።

ሁለተኛውን መርፌ አፍንጫዋ ጥግ ተከለችው። ጥቂት ቆይቶ ከተደፈኑት ቀዳዳዎች አንዱ ተከፈተ። አንዱ ብቻ፤ ሌላው እንደተደፈነ ነው። በተከፈተው በኩል የአክስቷ እጅ ሸተታት፤ ሳሙና ሳሙና ይላል።

አሁን የቀኝ እጇ ተራ ሆነ። መርፌው ገባ።

«ደረሰ?» አሉ ፈታኟ። የሚያዩት ንጥሻን ነው።

የአክስቷ ግንባር አልቧል። «ደረሰ» የምትል አንዲት ቃል ብትወጣ ሁሉም ያበቃል፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ንጥሻ ዓይኗን ጨፈነችና ወደ ውስጥ አዳመጠች።

«ገና ነው፣ አክስቴ።»

የአክስቷ ጣቶች መርፌው ላይ ረገብ አሉ። ከግርጌ በኩል ብዕር ወረቀት ላይ መንሸራተት ሲጀምር ተሰማ።